ከአልባስጥሮሱ በታች

ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ስንኝ እቋጥራለሁ። «ለመሆኑ ማን ያነበዋል ብለህ ነው?» ሲል አንድ ባልደረባዬ ሰሞኑን ጠየቀኝ። በክፋት አልነበረም፤ እኔ ግን መልስ አጣሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ትዝ ያለኝ ግጥም ሳይሆን መቃብር ነው፤ በእንግሊዝ አገር፣ ከኦክስፎርድ ከተማ ብዙም በማትርቅ ዩኤልም በምትባል መንደር፣ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ መቃብር። ሄጄ አላየሁትም፤ የማውቀው በመጽሐፍና በፎቶግራፍ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ነገሩ የሚጀምረው ከጄፍሪ ቾሰር ነው። የ«ካንተርበሪ ተረቶች»ን ደራሲ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ማስተዋወቅ ድፍረት ይሆንብኛል፤ ብዙ የማይነሣው ግን መተዳደሪያው ነው። የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ የነበረው ይህ ባለቅኔ ከ1374 ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ዓመት በለንደን ወደብ የሱፍ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ነበር። ሹመቱም መዝገቡን በገዛ እጁ እንዲጽፍ ያስገድደው ነበር። ቀን ሒሳብ፣ ሌሊት ግጥም! ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት የተሰማኝን ደስታ ለባልደረባዬ ልነግረው ይገባኝ ነበር።

ልጁ ቶማስ ግን በሌላ መንገድ ገነነ። አምስት ጊዜ የእንግሊዝ ፓርላማ አፈ ጉባኤ ሆኖ ተመረጠ፤ ዩኤልምንም በሚስቱ በማቲልዳ በኩል ወረሰ። በ1434 ሞቶ በዚያው ተቀበረ። በመቃብሩ ላይ የእርሱና የሚስቱ ምስል በናስ ተቀርጿል፤ ዙሪያውን የሞሉት ግን ዝምድና የሚቆጥሩ፣ የየቤተ ሰቡ ዓርማ ያረፈባቸው ጋሻዎች ናቸው። አክስቱ ካትሪን የንጉሥ ልጅ የነበረውን ጆን ኦፍ ጎንትን ስላገባች የዘር ሐረጉ እስከ ቤተ መንግሥት ይዘልቃል። ቶማስ ለራሱ የያዘው ዓርማም የአባቱ ሳይሆን የእናቱ ወገኖች የሮኤት ቤት መንኮራኩር ነው። ግጥም ጋሻ ላይ አይቀረጽም መሰለኝ።

ቤተ ክርስቲያኑን ዛሬ ባለው መልኩ ያሠሩት የቶማስ ልጅ አሊስና ሦስተኛ ባልዋ፣ የሰፎኩ ዊልያም ደ ላ ፖል ናቸው። የቀድሞውን ግንብ ትተው፣ በ1430ዎቹ ሌላውን እንደ አዲስ አነጹት። ዊልያም የምሥራቅ እንግሊዝ ሰው በመሆኑ የአገሩን የአሠራር ልማድ ይዞ መጥቷል። በውስጡ ሕዝቡ የሚቆምበትን ስፍራ ከመቅደሱ የሚለይ ትልቅ ቅስት የለም፤ ዓይን ከበሩ ተነሥቶ ሳይሰናከል እስከ ምሥራቁ መስኮት ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ያለው የውጭ ግድግዳም ባልጩትና ጥርብ ድንጋይ እየተፈራረቁበት እንደ ዳማ ገበታ ተሠርቷል። ከእንጨት ተፈልፍሎ እንደ ጉልላት ሽቅብ የሚመዘዘው የጥምቀት ገንዳው ክዳን ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ዛሬ ግን አልፈዋለሁ።

አሊስ አያቷን አላየችውም፤ እርሱ በ1400 ሞቷል፣ እርሷ ከዚያ በኋላ ተወለደች። ገና በልጅነቷ የመጀመሪያ ባልዋ ሞተባት። ሁለተኛው በኦርሌያን ከበባ ቆስሎ በ1428 ሞተ። ሦስተኛው ለመስፍንነት በቅቶ ነበር፤ በ1450 ከአገር ተሰዶ በመርከብ ሲሄድ ጠላቶቹ ባሕር ላይ ያዙትና አንገቱን ቀሉት። እርሷ ግን እስከ 1475 ኖረች።

መቃብሯ በመቅደሱና በዮሐንስ መጥምቅ ጸሎት ቤት መካከል ይገኛል። ከላይ ከአልባስጥሮስ የተቀረጸች እመቤት እጆቿን ለጸሎት አጋጥማ ተጋድማለች። በራሷ አክሊል፣ በግራ ክንዷ ደግሞ ወንዶቹ ባላባቶች እግራቸው ላይ የሚያስሩት የጋርተር ኒሻን አለ፤ ትራሷን መላእክት ይዘውላታል። ፊቷ ያረጀች፣ ብዙ ያየች ሴት ፊት ነው። ከሥር ግን ሌላ አሊስ አለች። በድንጋይ ፍልፍል መስኮቶች አጎንብሶ ለተመለከተ፣ መግነዟ የተገለጠ፣ አጥንቷ የገጠጠ፣ ፀጉሯ የተበተነ ሬሳ ይታየዋል። ሞትን እንዲህ ከክብር በታች ማስቀመጥ በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር፤ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም ውስጥ ይገኛል።

በሌላ ቦታ አለ ሲባል ያልሰማሁት ቀጥሎ ያለው ነው። ሬሳዋ በተጋደመችበት ጠባብ ዋሻ ጣሪያ ላይ ማርያም መግደላዊት፣ ዮሐንስ መጥምቅና ብሥራተ ገብርኤል በቀለም ተሥለዋል። ቆሞ የሚሄድ ሰው አያያቸውም፤ ማየት የፈለገ ወለሉ ላይ መተኛት አለበት። ሠዓሊው በዚያ ጭለማ ለማን ሣለ? ሰዎች ለሬሳዋ ዓይኖች ነው ይላሉ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ማንም አያየውም ብሎ ግን ቀለም አልቆጠበም።

ትውልዷ ወደ ዙፋን ተጠግቶ ነበር። የልጅ ልጇን ጆንን ሪቻርድ 3ኛ አልጋ ወራሹ እንዳደረገው ይነገራል፤ ይህ ጆን በ1487 በጦር ሜዳ ወደቀ። ወንድሙ ኤድመንድ በ1513 አንገቱ ተቀላ፤ ሌላው ወንድሙ ሪቻርድ በ1525 ጣልያን ውስጥ በፓቪያ ጦርነት ሞተ። በጋሻ የተቆጠረው ዝምድና በዚህ አለቀ።

አሊስና ባልዋ በ1437 ለአሥራ ሦስት ድሆች ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን መጠለያ መሥርተው ነበር፤ ግዴታቸው በየዕለቱ ለመሥራቾቹ ነፍስ መጸለይ ነበር። በተሐድሶው ዘመን ለሙታን መጸለይ በአዋጅ ሲቀር ጸሎቱም ቆመ። በጡብ የተሠሩት ቤቶች ግን አሁንም ሰው ይኖርባቸዋል፤ አጠገባቸው ባቆሙት ትምህርት ቤትም ሕፃናት ይማራሉ።

ከውጭ፣ በቅጥር ግቢው ውስጥ፣ በ1927 የሞተው ቀልደኛው ደራሲ ጄሮም ኬ. ጄሮም ተቀብሯል። እርሱም በወጣትነቱ የባቡር ድርጅት ጸሐፊ ነበር።