4294967297፦ የፌርማን ፈተና ያለፈው ቁጥር

ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ለፍሬኒክል በጻፈው ደብዳቤ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 እያለ የሚቀጥለው ሰልፍ ሁሉ ብቸኛ ቁጥሮችን ብቻ እንደሚሰጥ ያለውን እምነት ገለጸ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከቁጥሩ 1 ይቀነሳል፣ ልዩነቱ በራሱ ይባዛል፣ 1 ይደመርበታል። ከ65537 ቀጥሎ የሚመጣው 2³² + 1 ወይም 4294967297 ነው። በ1729 መገባደጃ ክርስቲያን ጎልድባክ ጥያቄውን ለወጣቱ ሊዮንሃርድ ኦይለር አነሳለት። ኦይለርም በ1732 መልሱን ሰጠ፦ 4294967297 = 641 × 6700417።

ይህን ያለ ረጅም ማካፈል ማረጋገጥ ይቻላል። የሚከተለው አቋራጭ ኦይለር ከሄደበት መንገድ የተለየ ነው፤ ውበቱ ግን ሊታለፍ አይገባም። 641 በአንድ በኩል 5 × 2⁷ + 1፣ በሌላ በኩል 5⁴ + 2⁴ ነው። ከመጀመሪያው እንደምንረዳው፣ በ641 ለማካፈል ሲባል 5 × 2⁷ እንደ −1 ይቆጠራል፤ አራተኛ ርቢው 5⁴ × 2²⁸ ደግሞ እንደ 1። በሁለተኛው መሠረት 5⁴ን በ−2⁴ ብንተካው −2³² እንደ 1 ይሆናል። እንግዲህ 2³² + 1 የ641 ብዜት ነው ማለት ነው።

641ን ለማግኘትስ በጭፍን መፈለግ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። የ4294967297 ብቸኛ አካፋይ ሁሉ 1 ሲቀነስለት የ64 ብዜት መሆን እንዳለበት ኦይለር አረጋገጠ፤ ኤድዋር ሉካስ በ1878 ገደቡን ወደ 128 ከፍ አደረገው። በሉካስ ወንፊት የሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ብቸኛ ቁጥሮች 257 እና 641 ናቸው። 257 ቀሪ 2 ይተዋል፤ 641 ይሳካል። ያው ወንፊት ለ6700417ም ይሠራል። ዳግም ዘሩ ከ2589 በታች ስለሆነ፣ 257 ከወደቀ በኋላ የሚሞከሩት 641፣ 769፣ 1153 እና 1409 ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ በየተራ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ናቸው። 6700417 ብቸኛ ነው።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ግን ቁጥሩ የፌርማን የራሱን ፈተና ማለፉ ነው። በፌርማ ትንሹ ቲዎረም መሠረት p ከ2 የተለየ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ 2 በ(p − 1) ርቢ ለp ሲካፈል 1 ይቀራል። እዚህ 2³² እንደ −1፣ 2⁶⁴ እንደ 1 ይቆጠራል፤ ከቁጥራችን 1 ሲቀነስ የሚገኘው 2³² ደግሞ የ64 ብዜት ነው። ቀሪው 1 ሆነ፤ ብቸኛ ያልሆነው ቁጥር ብቸኛ መሰለ። በ2 ፋንታ 3 ቢወሰድ ኖሮ ጉዱ በወጣ ነበር፤ ቴዎፊል ፔፓን በ1877 ያቀረበው መፈተኛ ዛሬ በተለምዶ የሚሠራው በዚሁ በ3 ነው። ፌርማ በዚያው በ1640 አካፋዮችን በመልካቸው እያጣራ 223 ለ2³⁷ − 1 አካፋይ መሆኑን አግኝቷል። መሣሪያው በእጁ ነበርና፣ ሞክሮት ስሌቱ ላይ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የ641 መገኘት ለጂኦሜትሪም ተርፏል። ከጋውስ የ1801 ሥራና ከቫንትዜል የ1837 ማረጋገጫ እንደምናውቀው፣ ጎዶሎ የጎን ብዛት ያለው እኩል ጎነ ብዙ በኮምፓስና በማስመሪያ የሚሠራው የጎኖቹ ብዛት የተለያዩ ብቸኛ የፌርማ ቁጥሮች (የዚያ ሰልፍ አባላት) የማባዛት ውጤት ሲሆን ብቻ ነው። ከ65537 በላይ ብቸኛ የሆነ የፌርማ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ ከሚታወቁት ትልቁ 3 × 5 × 17 × 257 × 65537 ጎኖች አሉት። ያም 4294967295 ነው፤ ከቁጥራችን በ2 ብቻ ያንሳል።