የፀሐይ ነፋስና የመሬት ልኬት

የፀሐይ ነፋስ ስሙ ነፋስ ይሁን እንጂ የእንሰት ቅጠል አያወዛውዝም። ከፀሐይ የሚፈልቅ፣ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ጋዝ፣ ማለትም ፕላዝማ ነው። በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ በአራት ቀናት አካባቢ ምድር ይደርሳል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተነሣው ብርቱ ማዕበል በአሜሪካ በሳተላይት የሚመሩ ትራክተሮች በዘር ወቅት መስመር ስተዋል።

ኦቶናን ጨምሮ ወላይታ የሚገኘው በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አቅራቢያ ነው። በዚህ ቀጠና ማዕበል ባይኖርም ከላያችን ያለው ፕላዝማ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መረጋጋት ያጣል፤ ከሥር ያለው ስስ ክፍል ከባዱን ሰንጥቆ እንደ አረፋ ይወጣል፤ የጂፒኤስንም ምልክት ያውካል። ክስተቱ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ይበረታል። ስለዚህ የይዞታ ወሰን በጂፒኤስ ሲለካ ሥራው ከምሽት በፊት ቢጠናቀቅ፣ በማዕበል ዕለት የተወሰደ ልኬትም የድንበር ምልክት ከመተከሉ አስቀድሞ በሌላ ቀን ቢደገም ይመረጣል።