«ልጆች ናቸው፣ ይደርሳሉ»

ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ኳስ ነው ብላችሁ የመጣችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዛሬ በረዶ ላይ ስለሚጫወቱት ሆኪ ነው የማወራው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከሰሜን አሜሪካ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። የሚኖርበትን ከተማ አልናገርም፣ የቡድኑ ደጋፊዎች ኮመንት ላይ እንዳይወርዱብኝ። «ቲቸር፣ የእኛ ቡድን ሁሉም ልጆች ናቸው። ዘንድሮ ፕሌይኦፍ ይገባሉ ብለው ያስባሉ?» ይላል። ፕሌይኦፍ ማለት የመደበኛው ውድድር ካለቀ በኋላ 16 ቡድኖች ብቻ የሚገቡበት ጥሎ ማለፍ ነው። ከሰባት ጨዋታ አራት ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ የቀረው ስታንሊ ካፕ የሚሉትን ዋንጫ ያነሳል።

በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ ተውኩት። ይቺን ጥያቄ ሰባት ዓመት ሙሉ በስልክ ስሰማት የኖርኩ ሰው ነኛ!

ታላቅ ወንድሜ ካናዳ፣ ኤድመንተን የገባው በ2010 ነው። እኔ በረዶ ሲባል የማውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። እሱ ግን በደረሰ በሁለተኛው ወር «እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይጨልማል፣ ሰው ሁሉ ሆኪ ነው የሚያወራው፤ አለዚያ ምን ይወራል?» አለኝ። በዚያው ዓመት ኦይለርስ የሚባለው የከተማው ቡድን በድራፍት፣ ማለትም በወጣት ተጫዋቾች ምርጫ፣ የመጀመሪያውን ዕጣ አግኝቶ ቴይለር ሆል የሚባል ልጅ ወስዶ ነበር። በ2011 እንደገና አንደኛ፣ ራያን ኑጀንት ሆፕኪንስ። በ2012 እንደገና አንደኛ፣ ናይል ያኩፖቭ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ከአገሩ ወጣት ሁሉ ቀድመው መረጡ። ወንድሜ በደወለ ቁጥር የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ልጆች ናቸው ገና፣ ይደርሳሉ። እንደ ግሬትዝኪዎቹ ይሆናሉ።»

እኔም የታሪክ መምህር አይደለሁ? ግሬትዝኪዎቹ እነማን እንደሆኑ ማንበብ ጀመርኩ። የገባሁበት በዚህ ነው፣ እስካሁንም አልወጣሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1979 ከታላቁ ሊግ ጋር ሲፎካከር የኖረ ሌላ ሊግ ፈረሰና አራት ቡድኖቹ ወደ ታላቁ ሊግ ገቡ። አንዱ ኤድመንተን ነበር። ዌይን ግሬትዝኪ ያኔ 18 ዓመቱ ነው። አባቱ የስልክ ድርጅት ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ጓሯቸው ውስጥ ውኃ እያፈሰሱ በሚያቀዘቅዙት ሜዳ ላይ ነው ልጁን ያሳደጉት። አጠገቡ ማርክ ሜሲየር አለ፣ የዚያው አካባቢ ልጅ፣ በድራፍቱ 48ኛ የተመረጠ። ግሌን አንደርሰን 69ኛ። በቀጣዩ ዓመት ፖል ኮፊ መጣ፤ ከፊንላንድ ያሪ ኩሪ፣ እሱም 69ኛ፤ በረኛው አንዲ ሙግ ደግሞ 132ኛ። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ 28 አሸንፎ 39 ተሸነፈ። ደካማ ውጤት ነው። ግን ፕሌይኦፍ ገባ! ለምን? በዚያን ጊዜ ሊጉ ውስጥ 21 ቡድን ነበር፣ 16ቱ ያልፋሉ። ኤድመንተን 16ኛ ወጥቶ በበሩ ጠርዝ ሾልኮ ገባ። የገጠመው ፊላደልፊያን ነው፣ በዚያው ዓመት 35 ጨዋታ በተከታታይ ሳይሸነፍ የሄደውን። ከአምስት ጨዋታ ሦስት የቀደመ ያልፍ ነበር፤ 3 ለ 0 ተባረሩ። ግን ከሦስቱ ሁለቱ ተጨማሪ ሰዓት የደረሱ ናቸው። ሦስተኛውን በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት የቋጨው ኬን ሊንስማን የሚባል የፊላደልፊያ ተጫዋች ነው። ይሄን ስምም ያዙልኝ።

በሁለተኛው ዓመትም ከድሉ ሽንፈቱ በልጦ 14ኛ ሆነው ገቡ። የደረሳቸው ሞንትሪያል ነው፣ ከ1976 እስከ 1979 አራት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደው። ግሬትዝኪ፣ ሜሲየር፣ ኩሪ፣ ኮፊ፣ አንደርሰን፣ ሎው፣ ሙግ፤ ሁሉም ከ19 እስከ 21 ዓመት ነበሩ። አስቡት፣ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ዕድሜ ነው! የመጀመሪያውን ጨዋታ 6 ለ 3 አሸነፉ፣ ግሬትዝኪ ብቻውን አምስት ጎል አመቻቸ። ሁለተኛውን 3 ለ 1። አገራቸው ሲመለሱ 6 ለ 2። ሞንትሪያል በሦስት ጨዋታ ከውድድር ወጣ። በሚቀጥለው ዙር በአይላንደርስ ተሸንፈው ሲወጡ እንኳ ተቀያሪ ወንበር ላይ እየዘፈኑ ነበር።

ወንድሜ የሚወደው ታሪክ እዚህ ድረስ ያለውን ነው። እኔ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው።

በ1982 ልጆቹ «ደረሱ» ተባለ። ግሬትዝኪ በአንድ የውድድር ዘመን 92 ጎል አገባ፣ የመጀመሪያዎቹን 50 በ39 ጨዋታ። ቡድኑ 111 ነጥብ ሰበሰበ። በመጀመሪያው ዙር የደረሳቸው ሎስ አንጀለስ 63 ነጥብ የያዘ ምስኪን ቡድን ነው። አንድ ለአንድ ከሆኑ በኋላ ሚያዝያ 10 ቀን ሦስተኛው ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ላይ ተደረገ። ሁለቱ ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ኤድመንተን 5 ለ 0 ይመራል። ወንበር ላይ ያሉት ይሳሳቃሉ። የሎስ አንጀለሱ ቡድን ባለቤት ራሱ ተስፋ ቆርጦ ጨዋታው ሳያልቅ ሄዷል። ከዚያ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ ገባ፣ ሁለት ገባ፣ ሦስት፣ አራት፤ አምስተኛው 5 ሰከንድ ሲቀር። በተጨማሪ ሰዓት ስድስተኛው። አምስተኛውን ጨዋታ ኤድመንተን በገዛ ሜዳው 7 ለ 4 ተሸንፎ ወጣ።

«ልጆች ስለነበሩ ነው» ይባላል። እኔ አልቀበልም። ሞንትሪያልን ሲያሸንፉ ደግሞ በአንድ ዓመት ያንሱ ነበር! ያሸነፋቸው ንቀት ነው፤ ንቀት የዕድሜ ነገር ቢሆን ኖሮ እኛ ስታፍ ሩም ውስጥ ባላየነው።

በ1983 ፍጻሜ ደረሱ፣ አይላንደርስ 4 ለ 0 ጠረጋቸው። ግሬትዝኪ በፍጻሜው አንድም ጎል አላገባም። ከዚህ ሽንፈት በኋላ ነው ሆኪ የሚያውቅ ሁሉ የሚናገረው ተረክ የሚመጣው። ግሬትዝኪና ሎው ሲወጡ በአሸናፊዎቹ መልበሻ ክፍል በር ያልፋሉ። ጭፈራ ይሰማል ብለው ሲጠብቁ፣ ተጫዋቾቹ ጉልበታቸውና ትከሻቸው ላይ በረዶ አስረው፣ ደክመው ተቀምጠዋል። «ለካ ማሸነፍ እንዲህ ነው» አሉ፤ በቀጣዩ ዓመት አሸነፉ። ይኸው ነው ተረኩ።

ታሪኩ ውሸት ነው አላልኩም፣ የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። እኔም በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ እንጂ ፕሮፌሰር አይደለሁም። ግን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምላቸውን ለራሴም ልበል፦ አሸናፊ ስለ ራሱ የሚነግራችሁን ምክንያት አንዴ ገልብጣችሁ እዩት። ቆስሎ የተሸነፈ ቡድን የለም? ስንት አለ! እሱን ግን በር ላይ ቆሞ የሚያይ የለም።

እስቲ በ1984 ምን ተለወጠ ብለን እንይ። ቡድኑ በዚያ ዓመት 446 ጎል አግብቷል፣ በሊጉ ታሪክ ትልቁ ነው። የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ግን በተጋጣሚው ሜዳ 1 ለ 0 አለቀ። በረኛው ግራንት ፉር አንድም አላስገባም። ፉር ጥቁር ካናዳዊ ነው፣ ያኔ 21 ዓመቱ፤ ስታንሊ ካፕ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች። (ክፍል ውስጥ ይሄን ስናገር ከኋላ የሚያንቀላፋው ሁሉ ይነቃል።) ጎሏን ያገባው ማነው? ግሬትዝኪ አይደለም። ኬቨን ማክሌላንድ ይባላል፣ የዚያኑ ዓመት ከፒትስበርግ የመጣ፣ ለጉልበት ሥራ የተፈለገ ሰው። ሁለተኛውን ጨዋታ 6 ለ 1 ተሸነፉ፤ ከዚያ አገራቸው ገብተው 7 ለ 2፣ 7 ለ 2፣ 5 ለ 2። ፉር ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ሲጎዳ ያ 132ኛ የተመረጠው ሙግ ገብቶ ጨረሰው። ግንቦት 19 ቀን ዋንጫዋን ያረጋገጠችው ጎል ደግሞ የኬን ሊንስማን ናት! አዎ፣ በ1980 ያባረራቸው ሊንስማን። በ1982 ክረምት ከዚያ ውርደት በኋላ አመጡት።

እና ልጆቹ ብቻቸውን አልደረሱም። ካፒቴን የነበረው ሊ ፎጎሊን በዕድሜ የሚበልጣቸው ተከላካይ ነው፣ በ1983 ካፒቴንነቱን ለግሬትዝኪ ለቀቀለት። አሰልጣኙ ግሌን ሳዘር ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ዋንጫ አብሯቸው ነበር። ዋናው ግን፣ ለእኔ፣ ያ ሰፊ በር ነው። ከ21 ቡድን 16 ሲያልፍ፣ ደካማም ሆነህ ገብተህ ትመታለህ፣ ግን ውስጡን ታያለህ። የወንድሜ ልጆች ጊዜ 30 ቡድን ነበር፣ የሚያልፈው ያው 16። እነ ግሬትዝኪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመት ያመጡትን ውጤት ይዞ ያኔ የሚገባ የለም። ቴይለር ሆል ስድስት ዓመት ለኤድመንተን ሲጫወት አንድም የፕሌይኦፍ ጨዋታ አላየም። ከ2009 እስከ 2015 ጊዜያዊውን ጨምሮ ስድስት አሰልጣኝ ተፈራረቀበት። አንደኛ ዕጣ ሦስቴ ወጣላቸው፤ 48ኛ ላይ፣ 69ኛ ላይ ሜሲየርና ኩሪን የሚያይ ዓይን ግን አልነበራቸውም።

ወንድሜ ይሄን ሁሉ ስነግረው ይቆጣ ነበር። «አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ ወረቀት ታነባለህ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ይለኛል። እናታችን በየአዲስ ዓመቱ «ዘንድሮ ይመጣል» ትል ነበር፤ ወረቀቱ አለቀ ሲባል፣ ገና ነው ሲባል። ስልኩን ስትቀበለኝም መጀመሪያ የምትጠይቀው «ያ የበረዶው ቡድንህ ገባልህ ወይ?» ነው። «ለሚቀጥለው ዓመት፣ እማዬ፣ ልጆች ናቸው» ይላታል። በ2014 ኅዳር ላይ አረፈች። መምጣት አልቻለም። በሰልስቱ ማግስት ሌሊት ደወለና ሁለታችንም የምንለው ጠፋን። ቡድኑ በዚያ ወር በተከታታይ ሲሸነፍ ነበር። «ስንት ለስንት ሆነ?» አልኩት። ነገረኝ። አንድ ሰዓት ያህል ስለ በረኛ አወራን። ከዚያ ቀን ወዲህ «ልጆች ናቸው፣ ይደርሳሉ» የሚለውን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ግን ክፍል ውስጥ እለው ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ አንቀጽ አንብቦ መረዳት የሚያቅተው ልጅ አጋጥሞኛል፣ አንድ ብቻም አይደለም። «ልጅ ነው፣ ይደርሳል» ብዬ ነጥብ ሞልቼ አሳልፌያለሁ። በ12ኛ ክፍል ፈተና ማግስት መንገድ ላይ ሲያየኝ ዓይኑን ያዞረ ልጅ አለ። ይሄን ጽሑፍ የሚያነብ ይመስለኛል።

ኤድመንተን ፕሌይኦፍ የተመለሰው በ2017 ነው፣ ከአሥር ባዶ ዓመት በኋላ። ያኔ ኮነር ማክዴቪድ መጥቶ ነበር፤ በ19 ዓመቱ ካፒቴን ሆኖ፣ በሊጉ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ ካፒቴን። ግን ከሦስቱ አንደኛ ዕጣዎች የቀረው አንዱ ኑጀንት ሆፕኪንስ ብቻ ነው። ሆልን በ2016 ክረምት ለኒው ጀርዚ ሰጥተው አዳም ላርሰን የሚባል፣ ጎል የማያገባ ተከላካይ አመጡ። ከተማው አለቀሰ፣ ወንድሜ ተሳደበ። በሚቀጥለው ሚያዝያ ገቡ። እኔ ይሄን እንደ ማክሌላንድና እንደ ሊንስማን ነው የማየው፤ ወንድሜ እስከዛሬ አልተስማማም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ለእኛ የጸሎተ ሐሙስ ሌሊት ላይ ዋለ። ወንድሜ ከሜዳው ደወለልኝ፣ የሰውን ጩኸት ላሰማህ ብሎ። 2 ለ 0 መርተው በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸነፉ። ስልኩን አልዘጋውም። ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ደወለ፦ 2 ለ 0፣ አሸነፉ። ያን ዙር አለፉ፣ ቀጣዩን በሰባተኛው ጨዋታ ወደቁ። በ2024 እና በ2025 ፍጻሜ ደርሰው ሁለቱንም ጊዜ በፍሎሪዳ ተሸነፉ። ማክዴቪድን አሁን ልጅ የሚለው የለም።

ለተማሪዬ የመለስኩለት ይኸው ነው፦ የልጆቹን ዕድሜ ተው። በረኛህ ማነው? በዚህ ክረምት ከሌላ ቡድን ማንን አመጡ፣ ስሙን ማንም የማያውቀውን ማለቴ ነው። አሰልጣኙ ስንተኛ ዓመቱ ነው? 5 ለ 0 ሲመሩ ወንበሩ ላይ ምን ይሠራሉ? እነዚህን መልስልኝና ይገባሉ አይገቡም እነግርሃለሁ።

አንብቦታል፣ ምልክቱን አይቻለሁ። እስካሁን አልመለሰም። ዛሬ ሌሊት ጨዋታ አላቸው መሰለኝ።