የቀልቤሳ ነገዎ ጉዳይ

የቀልቤሳ ነገዎ ጉዳይ በቀይ ሽብር ዘመን የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1999 ዓ.ም. በአሜሪካና በኢትዮጵያ የተዳኘባቸው ተከታታይ ክርክሮች የሚጠሩበት ስም ነው። በአንድ ሰውና በአንድ እስር ቤት ሥራ ላይ ሦስት ዓይነት ውሳኔ ተሰጥቷል። የአትላንታ ፌዴራል ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔር ካሳ ፈረደበት። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ወሰነበት። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት ደግሞ ዜግነቱን ካጣ በኋላ ከአገር አስወጥተው ለኢትዮጵያ አስረከቡት። ከሦስቱ ቀድሞ የመጣው የፍትሐ ብሔሩ ውሳኔ ነው። ያንን ክስ የመሠረተውም መንግሥት ሳይሆን በከፍተኛ 9 እስር ቤት የተሠቃዩ ሦስት ኢትዮጵያውያት ናቸው። የጉዳዩ ትልቁ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የመጣው ሁሉ እነርሱ ባስመዘገቡት ቃል ላይ ቆሟል።

ከፍተኛ 9

ደርግ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከወረሰ በኋላ የከተማው ነዋሪ በቀበሌ ማኅበራት ተደራጀ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛዎች ተከፈለች፤ ቀበሌዎቹም በእነዚህ ሥር ሆኑ። መዋቅሩ ሲጀመር የኪራይና የሰፈር ጉዳይ የሚታይበት ነበር። ደርግ ከተቀናቃኙ ከኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ጋር ደም ሲቃባ ግን ከፍተኛዎቹ የራሳቸው አብዮት ጥበቃ፣ የራሳቸው መርማሪና የራሳቸው እስር ቤት ያላቸው ኃይሎች ሆኑ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የከፍተኛ ሊቀ መንበር በነዋሪው ላይ የነበረው ሥልጣን ፍርድ ቤት የማያየው ሥልጣን ነበር። ከየካና ከእንጦጦ ግርጌ ጀምሮ እስከ ከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ድረስ፣ ያን ዘመን በዕድሜው የደረሰ ሰው ከፍተኛ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ጽሕፈት ቤቱን ሳይሆን እስር ቤቱን ነው።

ሦስቱ ከሳሾች በ1970 ዓ.ም. በተለያየ ጊዜ ተይዘው ወደ ከፍተኛ 9 የተወሰዱ ወጣቶች ነበሩ። የአትላንታው ፍርድ ቤት በኋላ እንዳረጋገጠው ልብሳቸው ተገፍፎ፣ እጅና እግራቸው ታስሮ፣ በእንጨት ላይ ተሰቅለው ተገርፈዋል፤ ስቃዩ በየእስር ቤቱ ወፌ ላላ ይባል የነበረው ነው። ቀልቤሳ ምርመራውን በበላይነት ከመምራት አልፎ በአንዳንዱ ራሱ ተካፍሏል። ከከሳሾቹ አንዷ ለወራት ያለ ሕክምና ታስራለች። የሌላዋ እህት ደግሞ ከእስር ቤቱ ተወስዳ አልተመለሰችም።

የአትላንታው ክስ

ቀልቤሳ በ1987 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄዶ የጥገኝነት ፈቃድ አገኘ፤ በአትላንታ ከተማ በአንድ ሆቴል የእንግዳ ሻንጣ እያደረሰ ይሠራ ነበር። በዚያው ሆቴል አስተናጋጅ ሆና ትሠራ የነበረች አንዲት ኢትዮጵያዊት ስታየው ለየችው። እርሷና ሁለት የእስር ጓደኞቿ በ1990 እ.ኤ.አ. በሰሜን ጆርጂያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ።

ክሱ የቆመበት ሕግ በ1789 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የውጭ አገር ዜጋ የአሕዛብን ሕግ በመጣስ በደል ከደረሰበት በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ካሳ መጠየቅ እንዲችል የሚፈቅድ አጭር ድንጋጌ ሲሆን፣ ሁለት መቶ ዓመት ያህል እምብዛም ሳይሠራበት ቆይቶ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የተቀመጠው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የፓራጓይ ፖሊስ በፓራጓይ ውስጥ ለፈጸመው የስቃይ ድርጊት ሲሠራበት ሕይወት ዘራ። የሦስቱ ሴቶች ጠበቆች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

ችሎቱ በግንቦት 1993 እ.ኤ.አ. ያለ ዳኞች ጉባኤ በአንድ ዳኛ ተሰማ። ቀልቤሳ ጠበቃ ሳያቆም ራሱን ችሎ ተከራከረ፤ ድርጊቱንም ካደ። ሴቶቹ የተፈጸመባቸውን ከፈጸመባቸው ሰው ፊት ቆመው ተናገሩ፤ የመስቀለኛ ጥያቄውንም የሚያቀርብላቸው ያው ሰው ነበር። ይህን የመሰለ ምስክርነት ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ የፍርዱ መዝገብ አይለካም፤ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ግን ሊዘነጋው አይገባም። በነሐሴ 1985 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን ለስቃይ፣ ለጭካኔ አያያዝና ለሕገ ወጥ እስር ኃላፊ አድርጎ ለእያንዳንዷ ከሳሽ 200,000 ዶላር የጉዳት ካሳና 300,000 ዶላር የቅጣት ካሳ፣ በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ።

በሆቴል ሠራተኛ ደመወዝ ይህን ገንዘብ መክፈል የማይሞከር ነው፤ ከሳሾቹም ይህን ሳያውቁ አልነበረም። ውሳኔው ያስገኘላቸው ሌላ ነገር ነው፦ በቀበሌና በከፍተኛ እስር ቤት ከተፈጸመው ውስጥ ቢያንስ ይህ፣ ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ በዳኛ ብዕር ተለይቶ ተጻፈ። መጠኑን ከአገር ቤት ሕግ ጋር ማስተያየትም ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2116 በአካል ጉዳት ወይም በሞት ምክንያት የሚሰጥ የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይገድባል።  ገደቡ ሲጻፍ 1,000 ብር ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ለተገረፈ ሰው እንዲህ ያለ ጣሪያ ማስቀመጥ የሕጉን ዓላማ ራሱን ያፈርሳል።

ቀልቤሳ ይግባኝ ሲል ሁለት ዋና መቃወሚያ አቀረበ። ፍርድ ቤቱ በባዕድ አገር ለተፈጸመ ድርጊት ሥልጣን የለውም፤ ጉዳዩም ፖለቲካዊ ስለሆነ ለዳኛ የሚቀርብ አይደለም የሚሉ ነበሩ። የ11ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ጥር 1 ቀን 1988 ዓ.ም. ሁለቱንም ውድቅ አድርጎ ፍርዱን አጸና። የ1789ኙ ሕግ ሥልጣን ብቻ ሳይሆን የመክሰስ መብትም ይሰጣል አለ፤ የስቃይ ድርጊት በፖለቲካ ዘመን ስለተፈጸመ ብቻ ከዳኝነት እንደማያመልጥም አስረዳ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አቤቱታውን ሳይቀበለው ቀረ። ይህ ይግባኝ በሰብዓዊ መብት ሕግ ትምህርት ውስጥ እስካሁን ይጠቀሳል፤ ምንም እንኳ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 እና በ2013 እ.ኤ.አ. በሰጣቸው ውሳኔዎች የሕጉን በር እጅግ ቢያጠበውም።

የአዲስ አበባው ፍርድ

በኢትዮጵያ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናትን ለመክሰስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ተቋቋመ። የደርጉ መሪ የእነ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ የጥፋተኝነት ውሳኔ ላይ የደረሰው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ጽሕፈት ቤቱ የከሰሳቸው ሰዎች ቁጥር 5,198 ሲሆን፣ ከእነዚህ 2,952ቱ በእጅ ያልነበሩ ናቸው። ቀልቤሳ ከእነዚሁ አንዱ ነበር፤ በ1994 ዓ.ም. በሌለበት ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ክሶቹ የተመሠረቱት በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቁጥር 281 ላይ ነው። ቁጥሩ ስለ ዘር ማጥፋት የሚደነግግ ሲሆን፣ ከዓለም አቀፉ ስምምነት በተለየ የፖለቲካ ቡድንንም ይጠብቃል። የኢሕአፓ አባላት ግድያ በዚህ ስም የተከሰሰው ስለዚህ ነው። በሌለበት የተፈረደበት ሰው በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል፤ የሚያሸንፈው ግን መጥሪያው አለመድረሱን ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መቅረቱን ካስረዳ ነው። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በሌሉ ሰዎች ላይ ያገኛቸው ብዙ ፍርዶች በወረቀት ላይ ቀርተዋል። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ወንጀለኛ አሳልፎ የመስጠት ስምምነት ስለሌለ፣ ዜግነቱን ባያጣ ኖሮ የቀልቤሳም ዕጣ ያው በሆነ ነበር።

ዜግነቱና ከአገር መውጣቱ

የፍትሐ ብሔሩ ይግባኝ ገና ሳይወሰን የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በ1995 እ.ኤ.አ. ለቀልቤሳ ዜግነት ሰጠው። አሰቃይቷል ብሎ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት በዝርዝር የጻፈበትን ሰው ሌላ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ዜጋ ማድረጉ በተጎጂዎቹ ላይ የተጨመረ በደል ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት ስህተቱን ለማረም በ2001 እ.ኤ.አ. የዜግነት መግፈፊያ ክስ አቀረበ። በዚህ ዓይነት ክስ የሚጠየቀው ማስረጃ ከተራ የፍትሐ ብሔር ክስ የጠነከረ፣ ከወንጀል ክስ ግን የላላ ነው፤ የሚመረመረውም ማመልከቻው ላይ እውነቱ መጻፉ ነው። የአትላንታው መዝገብ ባይኖር ኖሮ መንግሥት ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈን ድርጊት ከዜሮ ማስረዳት በተገባው ነበር። ቀልቤሳ በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዜግነቱን ለመተው ተስማማ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በአሜሪካ የወጣው የስለላ ማሻሻያና የሽብር መከላከያ ሕግ በውጭ አገር ስቃይ ወይም ከሕግ ውጭ ግድያ የፈጸመ የውጭ ዜጋ ከአገር እንዲወጣ ደነገገ፤ ቀድሞ ለተፈጸመ ድርጊትም እንዲሠራ አደረገ። ቀልቤሳ ሕጉ በጸደቀ በሳምንታት ውስጥ ተያዘ፤ በዚህ ድንጋጌ የተያዘ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ የሚጠብቀውም በሌለበት የተፈረደበት የዕድሜ ልክ እስራት ነበር።

ተመሳሳይ ጉዳዮች

የአሜሪካ የወንጀል ሕግ በውጭ አገር የተፈጸመ ስቃይን መቅጣት የጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወደ ኋላም አይሄድም። ስለዚህ የቀይ ሽብር ተጠርጣሪ በአሜሪካ የሚከሰሰው በገረፈው ሳይሆን በዋሸው ነው። በኮሎራዶ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረ ሰው በሌላ ሰው ስም ገብቶ ሲኖር በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ የቀድሞ እስረኛ ለየው። በ2013 እ.ኤ.አ. ዜግነትን በማጭበርበርና በስም ስርቆት ጥፋተኛ ተብሎ በግንቦት 2006 ዓ.ም. የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ቅጣቱ ለውሸቱ ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ ነው። ምስክሮቹ ግን የተናገሩት ስለ ሰነድ ሳይሆን ስለ ስቃይና ስለ ግድያ ነበር፤ በክሱ አርእስትና በምስክሮቹ ቃል መካከል ያለው ይህ ርቀት የኢሚግሬሽን ክስ ትልቁ ጉድለት ነው።

ኔዘርላንድ ሌላ መንገድ ወስዳለች። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ በኢትዮጵያ በሌለበት ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ ሆኖም ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኔዘርላንድ ዜጋ ነው። የሔግ ፍርድ ቤት ራሱ ዳኝቶት ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ እስር ቤት ለተገደሉ 75 ሰዎችና ለሌሎች ስቃዮች በጦር ወንጀል የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ የሔግ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2022 እ.ኤ.አ. ፍርዱን አጸና። በዚህ ችሎት ተጎጂዎች ካሳቸውን በወንጀሉ መዝገብ ውስጥ መጠየቅ ይችሉ ነበር። የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ከቁጥር 154 ጀምሮ ይህንኑ ይፈቅዳል፤ የግል ተበዳይ በወንጀሉ ችሎት መክፈቻ ላይ ካሳ እንዲወሰንለት ማመልከት ይችላል።