የብር ልባጥና የብርጭቆ ዶቃ፤ በወረኢሉ አገር የጌጥ ታሪክ

ከወረኢሉ እስከ ቦረና መካነ ሰላም ድረስ ባለው የወሎ ደጋ ስለ ጌጥ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው የቃል ነገር ነው። በቋንቋችን ብር ማለት ማዕድኑም ገንዘቡም ነው፤ ስለዚህ በሴት አንገት ላይ የታሰረው ድሪ ጌጥ ነው ወይስ ሀብት ብሎ መለየት አይቻልም። ከብሩ ጋር በአንድ ክር የሚሰካው ዶቃ ግን ገንዘብ አልነበረም፤ ከሩቅ አገር በገንዘብ ተገዝቶ የመጣ ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው የእነዚህን የሁለቱን ነገሮች ግንኙነት ነው፤ ይኸውም ብርና ብርጭቆ በሌላ አገር በአንድ ፍሬ ውስጥ ሲዋሐዱ በእኛ አገር ግን ጎን ለጎን በክር ላይ ብቻ የተገናኙበትን ምክንያት ነው።

ብር ያለበት የብርጭቆ ዶቃ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሠራተኛው የብርጭቆ ዘንግ በመብራት ነበልባል ላይ እያቀለጠ በቀጭን የብረት ሽቦ ዙሪያ ይጠመጥመዋል። ፍሬው ገና ትኩስ ሳለ እንደ ወረቀት የሳሳ ብር ያለብሰዋል፤ አለስልሶም ይጫነዋል። ከዚያ በላይ ጥሩ ንጹሕ ብርጭቆ ደርቦ ይሸፍነዋል። ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ብርጭቆው ሲለሰልስ ብሩ ሳይቀልጥ ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን እጅግ የሳሳ በመሆኑ ነበልባሉ በቀጥታ ካገኘው ተቃጥሎ ይጠፋል። ስለዚህ ሥራው ፍጥነትና የለመደ እጅ ይፈልጋል። የተሸፈነው ብር ነፋስ ስለማይደርሰው አይጠቁርም፤ የሚጠቁር ቢሆን እንኳ ክሩ በሚያልፍበት ቀዳዳ አፍ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። እኛ ልባጥ ስንል የከበረው ማዕድን በውጭ፣ የተናቀው በውስጥ የሆነበትን ሥራ ማለታችን ነው። በዶቃው ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ብሩ በውስጥ፣ ርካሹ ብርጭቆ በውጭ ነው።

ይህ ጥበብ በዓለም ላይ ዕድሜው ረጅም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በሮዶስ ደሴት በሁለት የብርጭቆ ሽፋን መካከል የወርቅ ቅጠል ያለበት ዶቃ ይሠራ ነበር። በኋላም በወርቁ ፈንታ ብር አግብተው በላዩ ቢጫ ብርጭቆ በማድረግ ወርቅ ያስመስሉት ነበር። ወደ አገራችን ብርጭቆ መግባቱም አዲስ ነገር አይደለም። በ1ኛው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት የብርጭቆ ድንጋዮችን ይቈጥራል፤ ለንጉሡም በአገሩ ልማድ የተሠራ የብርና የወርቅ ዕቃ ይገባ እንደነበረ ይናገራል። የአክሱም ነገሥታትም በብርና በነሐስ ገንዘባቸው ላይ የወርቅ ቅጠል ይለብጡ ነበር፤ ይህም በዘመኑ ሌላ መንግሥት ያላደረገው ሥራ ነው። እንግዲህ ማዕድንን አሳስቶ በሌላ ነገር ላይ ማጣበቅ ለኢትዮጵያ ባለ እጅ እንግዳ አልነበረም ማለት ነው።

በኋለኛው ዘመን የዶቃው ዋና ምንጭ በኢጣልያ የቬኒስ ከተማ፣ ከዚያም በቦሄሚያ የያብሎኔጽ አገር ሆነ። በቬኒስ በመብራት ነበልባል የሚሠሩት ባለ እጆች በ17ኛው መቶ ዓመት የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። ዕቃው በቀይ ባሕር ወደቦች ከገባ በኋላ ሲራራ ነጋዴ ወደ ደጋው ያወጣዋል። በመንደር የሚገዛው ሰው ግን የቬኒስን ስም አያውቅም፤ ዶቃ ወይም ጨሌ ይለዋል እንጂ።

ብሩም እንደዚሁ የባሕር ማዶ ነው። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። አንጥረኛው የሚመዝንበት ወቄትም ከአንድ ጠገራ ብር ክብደት ጋር የተስተካከለ ነበር፤ ስለዚህ ገንዘቡ ራሱ ሚዛንም ጥሬ ዕቃም ሆኖ ያገለግል ነበር። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በሚሊዮን የሚቈጠር ጠገራ ብር ይዞ መጥቶ ለስንቅና ለጭነት ከፍሎበታል። ወረኢሉም ንጉሥ ምኒልክ የጦር ከተማ ያደረጓት ናት፤ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ለሚዘምተው ሠራዊታቸውም መሰብሰቢያ ሆናለች። ጦር ባለበት ደግሞ የብር ሥራ አይታጣም፤ የመኳንንቱ ጋሻና የጎራዴ አፎት በተቀጠቀጠ ብር ያጌጥ ነበርና። ያው መዶሻ ለሴቶች አልቦውን፣ አምባሩን፣ ድሪውን ይሠራል። ገዢዋ ክርስቲያን ብትሆን መስቀል፣ እስላም ብትሆን አሸንክታብ ታሠራለች እንጂ እሳቱና ወናፉ አንድ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ብርና ይህ ሁሉ እጅ እያለ አንጥረኛው ዶቃውን ራሱ ለምን አልሠራም? የዕውቀት ማነስ ነው የሚሉትን አንቀበልም። በናይጄሪያ በቢዳ ከተማ ያሉ የኑፔ ብርጭቆ ሠሪዎች በከሰልና በወናፍ እሳት ጠርሙስ አቅልጠው በብረት ዘንግ ላይ እየጠመጠሙ ዶቃና አምባር ሠርተዋል፤ የእኛም አንጥረኛ ብር የሚያቀልጥበት እሳት ብርጭቆን ለማለስለስ ከበቂ በላይ ነው። በእኛ ግምት ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የባሕር ማዶ ዶቃ ርካሽ በመሆኑ በእሱ የሚደክም ሰው ትርፍ አያገኝም ነበር። ሁለተኛውና ብዙ ያልታሰበበት ግን የብሩ ጠባይ ነው። በዶቃ ውስጥ የሚገባው ብር ንጹሕ መሆን አለበት፤ መዳብ ያለበት እንደሆነ ነበልባል ሲነካው ይጠቁራል። ጠገራ ብር መዳቡ ስላለበት እንደ ወረቀት ለማሳሳትም ያስቸግራል፤ ለሽቦ፣ ለሰንሰለትና ለፍሬ ግን ጥንካሬ ስለሚሰጠው እጅግ የተመቸ ነው። እንግዲህ አንጥረኛው በእጁ ያለው ብር የሚፈቅድለትን ሠርቷል፤ የብር ዶቃም ሠርቷል። ሁለት ቅርፊት ቀጥቅጦ እየበየደ ውስጡ ባዶ የሆነ ፍሬ ያወጣና ከብርጭቆው ዶቃ ጋር ይሰካዋል።

ይህን የሠራው ሰው ግን ስሙ አልተጻፈም። በብዙ መስቀል ላይ የሰጪው ስም ሲቀረጽ የሠሪው ይቀራል፤ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለም ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እኔን እንደ ሰደበ ይቈጠራል የሚል ቃል ያለበት አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል የተስፋፋ እንደነበረ ያስረዳል።

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ወጥቶ ጠገራ ብር ሕጋዊ ገንዘብነቱ ሲቀር የጌጡም ዕድል ተለወጠ። ድሪው ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ሳይሆን በሚዛን የሚሸጥ ማዕድን ሆነ። የሚገዛው ነጋዴ ክሩን ይበጥሳል፤ ብሩን ይመዝናል፤ ዶቃው ግን ስለማይመዘን ይበተናል። ለታሪክ መርማሪ ግን ከሁሉ የሚጎዳው ይህ መበተን ነው፤ ብሩ ቀልጦ ሌላ መልክ ሲይዝ የመጣበትን ዘመን ሊናገር የሚችለው ዶቃው ነበርና።

ስለዚህ በወረኢሉ፣ በለጋምቦ ወይም በቦረና ወደ ዘመዶቻቸው የሚሄዱ ተማሪዎች አሮጌ ድሪ ባገኙ ጊዜ ክሩ ሳይፈታ የፍሬዎቹን ተራ እንዲጽፉ፣ የሰካችውን ሴትና የገዙበትን ገበያ እንዲጠይቁ እንለምናለን። ዶቃውንም አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ብርሃኑን አሳልፎ ካሳየ ተራ ብርጭቆ ነው፤ ብርሃኑን ከልክሎ ከውስጥ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን ቀዳዳውን አፍ መመርመር ነው፤ የጠቆረ ቀጭን ቀለበት ከታየበት በውስጡ ብር ሊኖር ይችላልና።