ለአሮጌ መኪና ስለ ተሠራ አዲስ ካርትሪጅ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዘመን በሠራዊቱ እጅ የነበረው ጠመንጃ የአንድ አገር ሥራ አልነበረም። ሰናድር ነበረ፤ ረሚንግቶን ነበረ፤ ውጅግራም ነበረ። የሰናድር አፈ ሙዝ 14.7 ሚሊሜትር፣ የውጅግራ ግን 11 ሚሊሜትር ስለ ሆነ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ አንዱ ይላላል፣ ሌላው ጭራሽ አይገባም። ጠመንጃ ይዞ ልኩ የሆነ ጥይት ያጣ ሰው በእጁ ያለው ዱላ ብቻ ነው።

ይህን ማንሣቴ ስለ ጦርነት ለማውራት አይደለም። እንግሊዞች ጥይቱን ካርትሪጅ ይሉታል፤ በቴሌቪዥን ጨዋታ መኪና ላይ የሚሰካውንም ዕቃ በዚሁ ስም ይጠሩታል። (ጃፓኖች ካሴት ይሉታል።) ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚያድግ ልጅ ጨዋታውን ሁሉ ከእጅ ስልኩ ስለሚያገኝ ካርትሪጅ የሚባለውን ዕቃ በዓይኑ ላያየው ይችላል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ብልሃት ሊታወቅ የሚገባው ነው። ከዚህ በታች ያለውን ዘመን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን።

ጨዋታውን በማስታወሻ ቺፕ ላይ ጽፎ ከመኪናው ለይቶ በካርትሪጅ የሸጠው የመጀመሪያው የቤት መኪና በ1976 የወጣው ፌርቻይልድ ቻነል ኤፍ ነው። ሥራውን የመራው ጄሪ ላውሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበረ። ላውሰን በ2011 ዐረፈ፤ ስሙ ግን ብዙ ዘመን ሳይነሣ ቆይቷል።

በእነዚያ ካርትሪጆች ውስጥ የነበረው ማስታወሻ ሮም ይባላል። በሚሠራበት ጊዜ የተጻፈው በኋላ አይፋቅም፣ አይጨመርበትም። የየካ ዋሻ ሚካኤልን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ከአንድ ዐለት ስለ ተፈለፈለ ዓምዱን ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር የማይቻል ነው። ፍላሽ የሚባለው ማስታወሻ ግን እንደ ብራና ነው፤ የተጻፈበት ተፍቆ ሌላ ይጻፍበታል። ይህን በቶሺባ ኩባንያ ያስገኘውና በ1984 ለሊቃውንት ያቀረበው ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለ ጃፓናዊ ነው።

እንግዲህ አሮጌው መኪና ሳይሞት ብዙ ጨዋታ በአንድ ካርትሪጅ እንዲያጫውት የፈለጉ ሰዎች ፍላሽን በካርትሪጅ መልክ ሠሩ። ከዩክሬን የወጣው ኤቨርድራይቭ ከእነዚህ አንዱ ነው። የጥይቱ ችግር በዓይን የሚታይ ነበር፤ የዚህ ችግር ግን ስውር ነው። ካርትሪጁ ከአፉ ልክ ይገባል፣ መኪናውም ይበራል፤ ጨዋታው ግን አንዳንድ ጊዜ አይነሣም፣ ወይም መካከል ላይ ይቆማል። የዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው?

አታሪ በ1977 ያወጣው መኪና ከካርትሪጁ በአንድ ጊዜ ሊያይ የሚችለው 4,096 ባይት ብቻ ነበረ። ጨዋታ ጸሐፊዎች ከዚህ የሚበልጥ ሲያምራቸው መጽሐፉን በክፍል ከፋፈሉት። ነገሩ ትልቅ ዕቃ ቤት ሆኖ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ እንዳለችው ነው፤ ጠባቂው ከውስጥ ሆኖ የተፈለገውን መጽሐፍ በየተራው ወደ መስኮቷ ያቀርባል። ነገር ግን መኪናው ለጠባቂው «ቀይር» ብሎ የሚያዝበት የመጻፊያ ሽቦ በካርትሪጁ አፍ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ድንቅ ዘዴ ፈጠሩ፤ መኪናው አንዲት የተወሰነች አድራሻ ባነበበ ጊዜ ማንበቡ ራሱ ትእዛዝ ሆኖ ክፍሉ እንዲለወጥ አደረጉ። እኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ኒንቴንዶ በ1983 ፋሚኮምን ሲያወጣ መስኮቷ ሰፋች፤ ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት፣ ለሥዕል 8 ኪሎባይት። የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ይህን ጥርግ አድርጎ ሞላው። ከዚያ በኋላ ግን ኩባንያው ሁሉ የራሱን ጠባቂ ቺፕ ሠራ፣ ልማዳቸውም ተለያየ። የኮናሚ ቪአርሲ 6 ክፍል መቀየር ብቻ ሳይሆን ድምፅም ይጨምር ነበረ፤ በ1989 በጃፓን የወጣው አኩማጆ ዴንሴትሱ ዜማው ያማረው በዚህ ነው። ለአሜሪካ የተሠራው መኪና ከካርትሪጁ በቀጥታ ድምፅ የሚቀበልበት መንገድ ስላልነበረው ያው ጨዋታ ወደዚያ ሲሄድ በሌላ ቺፕ ተሠርቶ ዜማው ተቀነሰ።

እንግዲህ የፍላሽ ካርትሪጅ ሠሪ ጨዋታውን መገልበጥ ብቻ አይበቃውም፤ የጠባቂውን ጠባይ ጭምር መምሰል አለበት። ለዚህም ሽቦው እንደገና ሊዘረጋ የሚችል ኤፍፒጂኤ የሚባል ቺፕ ያኖራል። ኤስዲ ካርዱ ለመኪናው ጥያቄ ቶሎ ስለማይደርስ ጨዋታው አስቀድሞ ወደ ፈጣን ማስታወሻ ይገለበጣል። አሮጌው መኪና በ5 ቮልት ሲናገር አዲሱ ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ 3.3 ቮልት ስለሚፈልግ፣ በመካከላቸው አስታራቂ ካልገባ አዲሱ ሊጎዳ ይችላል። (በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደሚጠብቅ ወጣቱ ይወቅ፤ ዕቃው መገልበጥ ቻለ ማለት የሰው ድካም ለሁሉ ተፈቀደ ማለት አይደለም።)

ከሁሉ የከበደው ግን ኤምቢሲ 6 ነው። በ2001 ኮናሚ ለጌም ቦይ ከለር ኔት ዴ ጌት የሚባል ጨዋታ አወጣ፤ ተጫዋቹ መኪናውን ከእጅ ስልክ ጋር አገናኝቶ ትናንሽ ጨዋታዎች ከሩቅ ያወርድ ነበረ። ለማኖሪያ 1 ሜጋባይት ፍላሽ በካርትሪጁ ውስጥ ገባ። ሌሎቹ የጌም ቦይ ጠባቂዎች 16 ኪሎባይት የሆነች አንዲት መስኮት ሲያገላብጡ ይህ ሁለት የ8 ኪሎባይት መስኮቶችን ለየብቻ ይቀይራል፤ አንዷ ሮሙን ስታሳይ ሌላዋ ፍላሹን ታሳያለች። ጨዋታው ራሱ ለፍላሹ «ፋቅ፣ ጻፍ» ብሎ ያዛል። አስመሳዩ ካርትሪጅ ይህን ትእዛዝ ተቀብሎ እንደ እውነተኛው ቺፕ ካልመለሰ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ጨዋታ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ሠሪዎች ተዉት። አልፈርድባቸውም፤ የሰው ጊዜ አጭር ነው። ነገር ግን ትተውት ሳለ «ሁሉን ያጫውታል» ብለው በማሸጊያው ላይ ቢጽፉ ያ ሐሰት ነው፤ የተዉትን ዘርዝሮ መጻፍ የሚወስደው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ጨዋታዎቹን ያድል የነበረው አገልግሎት በ2002 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የወረዱት ትናንሽ ጨዋታዎች ተጽፈው የሚገኙት አስቀድሞ ባወረዳቸው ተጫዋች ካርትሪጅ ውስጥ ነው። ሮሙ ብቻ ቢገለበጥ እነርሱ አብረው አይመጡም፤ ፍላሹም ለብቻው መነበብ አለበት። ፍላሽ ደግሞ ጽሑፉን የሚይዘው በታሰረ የኤሌክትሪክ ኀይል ነው፤ ያም ኀይል በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይሾልካል።