ኪኒኑ ነው የሰነፈው ወይስ ቆሽታችን?

እናቴ የስኳር በሽታ ካለባት ዓመታት ተቆጥረዋል። በቀደም ዕለት «ይኼ ኪኒን ለመደኝ መሰለኝ፤ ሁለት ሁለት ብውጥስ?» አለችኝ። ኪኒኑ ግሊቤንክላማይድ ነው። የመድኃኒት ባለሙያ ብሆንም በአጭሩ ማስረዳት ከበደኝ። ጥያቄው የብዙ ቤተሰብ ስለሆነ መልሱን እነሆ።

ኢንሱሊን የሚያመርቱት በቆሽት ውስጥ ያሉ ቤታ ሕዋሳት ናቸው። በሽፋናቸው ላይ ከ8 የፕሮቲን ክፍሎች የተገጣጠሙ፣ ፖታሲየም የሚወጣባቸው በሮች አሉ። ስንመገብ ስኳር ወደ ሕዋሱ ይገባና ኤቲፒ ወደተባለ ኃይል ይለወጣል። ኤቲፒ ሲበዛ የፖታሲየሙ በር ይዘጋል፤ የካልሲየም በር ይከፈታል፤ ኢንሱሊንም ወደ ደም ይለቀቃል።

ግሊቤንክላማይድ የፖታሲየሙን በር ራሱ ይዘጋዋል፤ ምግብ ተበላም አልተበላ። ኪኒኑን ውጦ ምግብ መዝለል፣ ሐኪም ሳያማክሩ መጾም ወይም መጠኑን መጨመር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ስኳር ከመጠን በላይ ወርዶ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአንዳንድ ጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚታየው የስኳር በሽታ ይኸው በር በዘረመል ለውጥ ምክንያት አልዘጋ በማለቱ እንደሚመጣ ታወቀ። በ2006 በወጣ ጥናት ከ49 እንዲህ ዓይነት ታማሚዎች 44ቱ ኢንሱሊን አቁመው ከግሊቤንክላማይድ ወገን በሆኑ ኪኒኖች መኖር ቻሉ። በሩ ቢበላሽም ሕዋሱ ጤነኛ ነበርና።

የእናቴ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው። በሩ አለ፤ የደከመው ሕዋሱ ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በሕዋሱ ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶችን ያበዛል፤ ይህም ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል። ቤታ ሕዋሳት እነዚህን የሚያመክኑ እንደ ካታሌዝ ያሉ ኢንዛይሞች እጅግ አነስተኛ ስለሆኑባቸው በቀላሉ ይጎዳሉ። የድካሙ መንስኤ ይህ ብቻ ባይሆንም አንዱ ነው። በሩን ቢዘጉት፣ ውስጥ የሚለቀቅ ኢንሱሊን ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

«እንግዲያው ቫይታሚን ልዋጥ» የሚሉ አሉ። በ2002 ውጤቱ የታተመ፣ ከ20 ሺሕ በላይ ብሪታንያውያን የተሳተፉበት ጥናት ግን ቫይታሚን ኢ፣ ሲና ቤታ ካሮቲን ከልብና ከደም ሥር በሽታ እንዳላዳኑ አሳይቷል። ሕዋሱን የሚያሳርፈው ስኳርን በጊዜ መቆጣጠር ነው።

እናቴን ወደ ሐኪሟ ወሰድኳት፤ ኢንሱሊን ታዘዘላት። «መርፌ ላይ ደረስኩ ማለት ነው?» ብላ አዘነች። ኢንሱሊን ቅጣት ወይም የመጨረሻ ደረጃ ሳይሆን ቆሽቷ ያጎደለውን መሙያ መሆኑን ነገርኳት።